ወተት ሲመጣ ብቻ የሚከፈት በር

ቀጨኔ ሲባል ለአዲስ አበባ ሰው ቀድሞ የሚታየው ሸክላ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ ባለው በዚህ የጉለሌ ሰፈር እናቶች ለብዙ ትውልድ ጀበና፣ ምጣድ፣ ድስትና ማሰሮ ሲሠሩ ኖረዋል። አንዲት ሸክላ ሠሪ ስትሠራ ልብ ብለው ይመልከቷት። አፈሩን ትወቅጣለች፣ ትነፋለች፣ በውኃ ታቦካለች። ቅርጹን በእጇ ካወጣች በኋላ በለስላሳ ድንጋይ እያሸች ታለሰልሰዋለች። ከዚያ ደህና አድርጎ እስኪደርቅ ትጠብቃለች፤ እርጥበት እንደያዘ እሳት ከነካው ይሰነጠቃልና። በመጨረሻ ማገዶ ከምራ ታቃጥለዋለች። አንድ ዕቃ አፈር፣ ውኃ፣ እንጨት፣ ጉልበትና ቀን ይበላል። ስለዚህ ፈላጊ የሌለውን ዕቃ አትሠራም። ማገዶዋን በማይሸጥ ምጣድ ከጨረሰች፣ ጀበና ፈላጊ ሲመጣ ባዶ እጇን ትቀራለች።

ይህን ስሌት በልብዎ ይያዙልኝ። አሁን ከማሰሮዎቹ አንዱን እንውሰድ። በወይራ ጭስ ይታጠናል፣ ወተት ይፈስበታል፣ ይከደናል። ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ ወተቱ ይረጋል፣ ይኮመጥጣል፤ እርጎ ሆነ። ይህን የሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። የወተቱን ስኳር በልተው አሲድ አወጡ፤ አሲዱ የወተቱን ፕሮቲን አረጋው። ለባክቴሪያም ቢሆን ስኳር መብላት መሣሪያ ይጠይቃል፤ መሣሪያውን መሥራት ደግሞ ልክ እንደ ሸክላው ወጪ አለው። ታዲያ ዓይን፣ ምላስም ሆነ አንጎል የሌለው ፍጡር የትኛው ስኳር እንደቀረበለት እንዴት ያውቃል? ለዚያ ስኳር የሚሆነውን መሣሪያስ በጊዜው ብቻ እንዴት ይሠራል? መልሱ በሳይንስ ታሪክ ውስጥ እጅግ ከሚያምሩ ግኝቶች አንዱ ነው፤ ደረጃ በደረጃ አብረን እንድረስበት።

ከመሠረቱ እንጀምር። ባክቴሪያ መላ አካሉ አንድ ሴል የሆነ ፍጡር ነው። ሳይንቲስቶች ከሁሉም አብልጠው ያጠኑት በሰውና በእንስሳት አንጀት ውስጥ የሚኖረውን ኢሽሪሺያ ኮላይን ነው፤ በአጭሩ ኢ. ኮላይ ይባላል። ርዝመቱ ወደ ሁለት ማይክሮሜትር ነው፤ 500 ያህሉ ጫፍ ለጫፍ ቢሰለፉ አንድ ሚሊሜትር ይሆናሉ። በዚህች ጠባብ አካል ውስጥ 4.6 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ያሉት የዲኤንኤ ቀለበት አለ። ዲኤንኤ ሴሉ የሚሠራበት የመመሪያ ጽሑፍ ነው። በጽሑፉ ላይ አንድን ፕሮቲን ለመሥራት የሚያስችለው ክፍል ዘረመል ይባላል። ኢ. ኮላይ ወደ 4,300 የሚጠጉ ዘረመሎች አሉት።

ከዘረመል ወደ ፕሮቲን የሚወስደው መንገድ ሁለት እርምጃ አለው። አንደኛ፣ አርኤንኤ ፖሊመሬዝ የሚባል ገልባጭ ፕሮቲን በዲኤንኤው ላይ ተቀምጦ ዘረመሉን እያነበበ ቅጂ ያወጣል። ቅጂው መልእክተኛ አርኤንኤ ይባላል። ሁለተኛ፣ የሴሉ የፕሮቲን መሥሪያዎች ያንን መልእክት አንብበው አሚኖ አሲዶችን አንድ በአንድ በመቀጠል ፕሮቲኑን ይሠራሉ። ሁለቱም እርምጃዎች ጉልበት ይበላሉ። እንግዲህ ቁጠባ የፈለገ ሴል ሥራውን ማቆም ያለበት ገና ከመጀመሪያው፣ ቅጂው ከመውጣቱ በፊት ነው። የምንማረው መቆጣጠሪያም የሚገኘው እዚያው ላይ ነው።

ቁጠባው ምን ያህል እንደሚያዋጣ በቁጥር እንየው። ኢ. ኮላይ በተመቸው ጊዜ በ20 ደቂቃ አንዱ ሁለት ይሆናል። አሁን ሁለት ዘሮች አሉ እንበል፤ አንዱ በ20 ደቂቃ ይራባል፣ ሌላው የማያስፈልገውን ፕሮቲን እየሠራ ስለሚደክም በ21 ደቂቃ። ልዩነቱ አንዲት ደቂቃ ናት። ምግብ ባያልቅባቸው ግን በአንድ ቀን ውስጥ ቆጣቢው 72 ጊዜ፣ አባካኙ ከ68 ጊዜ ጥቂት አልፎ ይራባል። ያን ጊዜ ቆጣቢው ከአባካኙ ከ10 እጥፍ በላይ ይበዛል። በባክቴሪያ ዓለም ብክነት ዘርን ያጠፋል።

አሁን ወደ ስኳሮቹ እንምጣ። ግሉኮስ ሴሉ እንዳገኘው የሚጠቀምበት ነጠላ ስኳር ነው፤ የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ሁልጊዜ ዝግጁ ናቸው። ላክቶስ፣ ማለትም የወተት ስኳር፣ ግሉኮስና ጋላክቶስ ተያይዘው የሠሩት ጥንድ ነው። በአንድ ቀንበር እንደተጠመዱ ሁለት በሬዎች ያስቧቸው፤ ቀንበሩ ካልተፈታ አንዳቸውም ለሌላ ሥራ አይሆኑም። ስለዚህ ላክቶስ ለመብላት ቢያንስ ሁለት መሣሪያ ያስፈልጋል። አንደኛው በሴሉ ቆዳ ላይ ተተክሎ ላክቶስን ከውጭ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ፕሮቲን ነው፤ ፐርሚዬዝ ይባላል፣ እኛ አስገቢ እንበለው። ሁለተኛው ቀንበሩን የሚፈታው ቤታ ጋላክቶሲዴዝ ነው፤ እኛ ፈቺ እንበለው። እንዲህ የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን ኢንዛይም ይባላል። ፈቺው አራት ክፍሎች ተገጣጥመው የሚሠሩት ግዙፍ ፕሮቲን ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ብቻውን ከ1,000 በላይ አሚኖ አሲዶች አሉት። ይህ ለአንዲት ባክቴሪያ ትልቅ ወጪ ነው።

የነገሩ ክር የተያዘው በጦርነት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ ፓሪስ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለ፣ ዣክ ሞኖ የተባለ ወጣት ተመራማሪ ለዶክትሬት ጥናቱ የባክቴሪያን እድገት ይለካ ነበር። በአንድ ብልቃጥ ውስጥ ሁለት ስኳሮችን፣ ለምሳሌ ግሉኮስንና ላክቶስን፣ ቀላቅሎ ባክቴሪያ ጨመረበት። ከዚያ ፈሳሹ ምን ያህል እንደደፈረሰ በየጊዜው ለካ፤ ባክቴሪያው ሲበዛ ፈሳሹ ይደፈርሳልና። ቁጥሮቹን በመስመር ሲስላቸው መስመሩ እየወጣ ሄዶ በድንገት ቀጥ አለ። ለጥቂት ጊዜ እድገት ቆመ። ከዚያ እንደገና መውጣት ጀመረ። ባክቴሪያዎቹ ሁለቱን ስኳሮች ቀላቅለው አልበሏቸውም፤ መጀመሪያ ግሉኮስን ጨረሱ፣ ቆሙ፣ ከዚያ ላክቶስን ቀጠሉ። በመካከሉ ያለው ዝምታ የዝግጅት ጊዜ ነበር። ሞኖ ይህን ድርብ እድገት ብሎ ሰየመው፤ በፈረንሳይኛው ዲዮክሲ። ያቺ አጭር ዝምታ ቀሪ ዘመኑን ወሰደችው።

ከጦርነቱ በኋላ ሞኖ ወደ ፓሪሱ የፓስተር ተቋም ገባ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1944 በጦርነቱ ኖርማንዲ ላይ ክፉኛ ቆስሎ ቀዶ ሐኪም የመሆን ተስፋው የተቋረጠበት ፍራንስዋ ዣኮብ ተቀላቀለው። የተቋሙ ስም ለጉለሌ ሰው እንግዳ አይደለም። በዚያው በጉለሌ «ፓስተር» ብለን የምንጠራው አካባቢ ስሙን ያገኘው ከዚህ ተቋም ነው፤ የዛሬው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሥሩ የኢትዮጵያ ፓስተር ተቋም ነውና። ታክሲ ረዳቱ በቀን ስንት ጊዜ የሚጠራው ስም ከዚህ ታሪክ ጋር ይገናኛል።

ዣኮብና ሞኖ ያገኙት ይህን ነው። የፈቺው ዘረመል፣ የአስገቢው ዘረመልና የአንድ ሦስተኛ ፕሮቲን ዘረመል በዲኤንኤው ላይ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ገልባጩ አንድ ጊዜ ከጀመረ ሦስቱንም በአንድ ረጅም መልእክት ይገለብጣቸዋል። ስለዚህ አንድ ላይ ይበራሉ፣ አንድ ላይ ይጠፋሉ። ከፊታቸው ሁለት አጫጭር የዲኤንኤ ቦታዎች አሉ። አንዱ ገልባጩ የሚቀመጥበት መነሻ ነው፤ ፕሮሞተር ይባላል። ሌላው ከመነሻው ቀጥሎ ያለው ኦፕሬተር ነው፤ እኛ ደጃፍ እንበለው። በአንድ ደጃፍ የሚታዘዙ እንዲህ ያሉ ዘረመሎች ከነመነሻቸውና ከነደጃፋቸው ኦፔሮን ይባላሉ።

ደጃፉ ላይ ማን ይቆማል? ሪፕረሰር የሚባል ፕሮቲን፤ ዘበኛ እንበለው። ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ሌላ ዘረመል ነው፤ ሁልጊዜ በጥቂቱ ይሠራል፣ በአንድ ሴል ውስጥም አሥር ያህል ዘበኞች ይበቃሉ። የዘበኛው ቅርጽ ከደጃፉ የዲኤንኤ ቅርጽ ጋር ልክክ ይላል። እዚያ ሲቀመጥ ገልባጩ ማለፍ አይችልም፤ ላክቶስ በሌለ ጊዜ ሦስቱ ዘረመሎች ዝም ይላሉ።

ላክቶስ ሲመጣስ? በሴሉ ውስጥ ከገባው ላክቶስ ጥቂቱ አሎላክቶስ ወደሚባል ቅርብ ዘመዱ ይለወጣል። አሎላክቶስ ሄዶ ከዘበኛው ጎን ባለች ጎድጓዳ ስፍራ ይሰካል። በተሰካ ጊዜ የዘበኛው ቅርጽ ይዛባል፤ ደጃፉን የሚይዝበት እጁ ልክ መሆኑ ይቀራል። ይለቃል። መንገዱ ተከፈተ፤ ገልባጩ አለፈ፤ መሣሪያዎቹ መሠራት ጀመሩ። ላክቶስ ተበልቶ ሲያልቅ አሎላክቶስም ያልቃል፤ ዘበኛው ወደ ቦታው ይመለሳል። የቀረው መልእክተኛ አርኤንኤም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ስለሚፈርስ ሥራው ቶሎ ይቆማል።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ አንድ ጥያቄ ያነሣል። ደጃፉ ዝግ ከሆነ አስገቢው አልተሠራም፤ አስገቢው ከሌለ ላክቶስ አይገባም፤ ላክቶስ ካልገባ ደጃፉ አይከፈትም። ታዲያ የመጀመሪያዋ ላክቶስ በምን ገባች? አሎላክቶስንም የሚሠራው ራሱ ፈቺው ነው፤ እርሱስ ከየት መጣ? መልሱ ዘበኛው ፍጹም አለመሆኑ ነው። አልፎ አልፎ ለአፍታ ከደጃፉ ይለቃል፤ በዚያች አፍታ ገልባጩ አንድ ሁለት ጊዜ ሾልኮ ያልፋል። ስለዚህ ላክቶስ በሌለበትም በሴሉ ውስጥ ጥቂት አስገቢዎችና ጥቂት ፈቺዎች አይጠፉም። ላክቶስ ሲመጣ እነዚያ ጥቂቶች የመጀመሪያዎቹን ያስገባሉ፤ የገቡት ዘበኛውን ያነሣሉ፤ ሌሎች አስገቢዎች ይሠራሉ፤ ብዙ ላክቶስ ይገባል። በሙሉ ኃይሉ ሲከፈት የፈቺው መጠን ወደ 1,000 እጥፍ ያድጋል። ዘበኛው ጨርሶ ባይሳሳት ኖሮ በሩ ለዘለዓለም ዝግ ይሆን ነበር።

ይህን ሁሉ በዓይን ሳያዩ እንዴት አወቁ? የብልሃታቸው እምብርት እዚህ ስለሆነ እንቆይበት። ላክቶስ ኖረም አልኖረ ፈቺውን ሁልጊዜ የሚሠሩ ብልሹ ባክቴሪያዎች ነበሯቸው። ብልሽቱ ሁለት ቦታ ሊሆን ይችላል፦ ወይ የዘበኛው ዘረመል ተበላሽቷል፣ ወይ ደጃፉ ራሱ። ለመለየት በብልሹው ሴል ውስጥ ጤነኛ ቅጂ የያዘ ሁለተኛ የዲኤንኤ ቁራጭ አስገቡ። በአንዳንዶቹ ሴሎች መቆጣጠሪያው ወዲያው ተመለሰ፤ በሌሎቹ ግን የመጀመሪያው ዲኤንኤ ላይ ያሉት ዘረመሎች ያለ ልጓም መሥራታቸውን ቀጠሉ። ይህ ምን ይላል? ሁለት ጎረቤት ግቢዎችን ያስቡ። የእርስዎ ዘበኛ ቢታመም የጎረቤትዎ ዘበኛ ተሻግሮ በርዎን ሊጠብቅልዎት ይችላል፤ ዘበኛ ይንቀሳቀሳልና። የበርዎ መቃን ቢሰበር ግን የጎረቤት ጤነኛ መቃን አይጠቅምዎትም፤ መቃን ከቦታው አይነሣም። በዚህ መንገድ ዘበኛው በሴሉ ውስጥ የሚዘዋወር ነገር፣ ደጃፉ ደግሞ በዲኤንኤው ላይ የጸና ቦታ መሆኑ ተረጋገጠ። ሐሳቡን በሙሉ እ.ኤ.አ. በ1961 አሳተሙት፤ በ1965 ከአንድሬ ልዎፍ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ዋልተር ጊልበርትና ቤኖ ሙለር ሂል ዘበኛውን ራሱን ከሴል አጥርተው ያወጡት በ1966 ነው፤ በምክንያት ብቻ ተደርሶበት የነበረው ነገር ያን ጊዜ እጅ ላይ ገባ።

ነገር ግን ሞኖን ያስገረመችው ዝምታ ገና አልተፈታችም። በብልቃጡ ውስጥ ላክቶስ ከመጀመሪያው ነበረ፤ ታዲያ ግሉኮስ እስኪያልቅ ለምን አልተነካም? ሴሉ ሁለት ጥያቄ ስለሚጠይቅ ነው። ላክቶስ አለ ወይ? ግሉኮስስ አልቋል ወይ? ለሁለተኛው ጥያቄ ሌላ ምልክት አለው፤ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚባል ትንሽ ሞለኪውል። ግሉኮስ በብዛት ሲገባ የዚህ ምልክት መጠን ያንሳል፤ ግሉኮስ ሲያልቅ ይበዛል። እንደ ረሃብ ደወል ነው። ምልክቱ ሲበዛ ሲኤፒ ከሚባል ፕሮቲን ጋር ይጣመራል፤ ጥንዱ ከፕሮሞተሩ አጠገብ ተቀምጦ ገልባጩ በቦታው እንዲጸና ይደግፈዋል። የላክቶስ ፕሮሞተር በተፈጥሮው ደካማ ስለሆነ ያለዚህ ረዳት በሩ ክፍት ቢሆንም የሚያልፈው ጥቂት ነው። በዚህ ላይ ግሉኮስን የሚያስገባው መሣሪያ አካል የሆነ አንድ ፕሮቲን፣ ግሉኮስ እየገባ ሳለ፣ የላክቶስን አስገቢ ከውስጥ ይዞ ሥራ ያስፈታዋል። ላክቶስ ደጅ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

እንግዲህ አራት ሁኔታዎች አሉ። ግሉኮስ ኖሮ ላክቶስ ከሌለ ዘበኛው በቦታው ነው፣ ረዳቱ የለም፤ ሥራው ዝግ ነው። ሁለቱም ከሌሉ ረዳቱ ይመጣል፣ ዘበኛው ግን አይነሣም፤ አሁንም ዝግ። ሁለቱም ካሉ ረዳቱ የለም፣ አብዛኛው ላክቶስም ውጭ ቀርቷል፤ የሚሠራው ጥቂት ነው። ላክቶስ ኖሮ ግሉኮስ ካለቀ ዘበኛው ይነሣል፣ ረዳቱ ይቆማል፤ ሥራው ይጧጧፋል። አሁን አንድ ጥያቄ ልስጥዎት፤ ወደሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ከመሻገርዎ በፊት ያስቡበት። ዘበኛው የተበላሸበት ሴል ግሉኮስ በሞላበት፣ ላክቶስ በሌለበት ብልቃጥ ውስጥ ቢኖር ምን ይሆናል? በሩ ክፍት ነው፤ ረዳቱ ግን የለም፤ ስለዚህ ፈቺውን ያለ ጥቅም፣ ግን በጥቂቱ ይሠራል። ይህን በራስዎ ከደረሱበት ኦፔሮኑ ገብቶዎታል።

ዕውቀቱ ከመማሪያ ክፍል ውጭ ብዙ ያገለግላል። በአገራችን ላቦራቶሪዎችም በሚታወቀው ማኮንኪ በሚባለው የባክቴሪያ ማብቀያ ውስጥ ላክቶስና ቀለም አለ። ኢ. ኮላይ እዚያ ላይ ሲበቅል ላክቶሱን በልቶ አሲድ ያወጣል፤ አሲዱ ቀለሙን ስለሚለውጠው በሰሐኑ ላይ ሮዝ ነጠብጣቦች ይታያሉ። የታይፎይድ ባክቴሪያ ላክቶስ መብላት ስለማይችል ገርጥቶ ይቀራል። ባለሙያዋ ሰሐኑን ብርሃን ላይ አንሥታ ሮዙን ከገርጣው ስትለይ የምታነበው የዚህን ኦፔሮን ሥራ ነው። ከእንጦጦ ወርዶ ከተማውን እንደሚያቋርጠው የቀጨኔ ወንዝ ያለ ውኃ በሰገራ መበከሉ ሲመረመርም ከዋና መለያዎቹ አንዱ ይኸው ላክቶስ የመብላት ችሎታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ ተመራማሪዎች የሰው ኢንሱሊንን መሥሪያ ዘረመል ከፈቺው ዘረመል ጋር ቀጥለው ኢ. ኮላይ ኢንሱሊን እንዲሠራላቸው አደረጉ። ለስኳር ሕመምተኞች የሚሰጠው በባክቴሪያ የተሠራ ኢንሱሊን የተጀመረው ከዚያ ነው።

ወደ ማሰሮው እንመለስ። እርጎ የሚያረጉት ባክቴሪያዎች ኢ. ኮላይ አይደሉም፤ የላቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ናቸው። ላክቶስን የሚያስገቡበት መንገድ ይለያል፣ ዘበኞቻቸውም ሌሎች ናቸው። ብዙዎቹ ግን ሕጉን ይጋሩታል፦ የቀለለውን ስኳር አስቀድም፣ የሌላውን መሣሪያ ሲያስፈልግ ሥራ። የሰው ልጅም ላክቶስን የሚፈታ የራሱ ኢንዛይም አለው። የእኛው ግን ወተት ስለጠጣን አይበራም። በሕፃንነት ይሠራል፣ በአብዛኛው ሰው ላይ ጡት ከጣለ በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። በአንዳንድ ሰዎች ላይ በዘረመሉ አቅራቢያ ባለ የፊደል ለውጥ የተነሣ ዕድሜ ልክ ይቀጥላል፤ ከእነዚህ ለውጦች ከአንድ በላይ የሚሆኑት በኢትዮጵያውያን ላይ ተገኝተዋል።

ለዚህ ነው ወተት ለአንዱ ሲስማማ የሌላውን ሆድ የሚነፋው። ኢንዛይሙ ያነሰበት ሰው ያልፈታው ላክቶስ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያ የሚጠብቁት ባክቴሪያዎች ዘበኞቻቸውን ከየደጃፋቸው ያነሣሉ፣ ላክቶሱን ይበላሉ፣ አየር ያወጣሉ። ያው ሰው እርጎ ሲጠጣ ግን ብዙ ጊዜ ይቀለዋል፤ ከላክቶሱ ከፊሉን የማሰሮው ባክቴሪያዎች አስቀድመው በልተውለታልና። የቀጨኔዋ እናት ምን እንደምትሠራ የምትወስነው ገበያውን ጠይቃና አስባ ነው። በሠራችው ማሰሮ ውስጥ ያለችው ባክቴሪያ የምታስብበት የላትም፤ ያላት አንዲት የስኳር ቅንጣት ስትሰካበት ቅርጹን የሚለውጥ ፕሮቲን ነው። ማገዶዋን ላለማባከን ያ በቂ ሆኖላታል።